የማይወርድ ጉርሻ

አባቴን ጉርሻ እንቢ ያለው በ1985 ዓ.ም. ፋሲካ ነው። ጾሙ ተፈታ፣ ዶሮው ቀረበ፣ እናቴ የመጀመሪያውን ጠቅልላ አጎረሰችው። አላመጠ፤ ዋጠ፤ ደረቱ መሃል ሲደርስ ቆመበት። ውሃ ጨመረበት፤ ውሃውም ተመልሶ መጣ። ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ያን ቀን ሁላችንም «ችኮላ ነው፤ ሁለት ወር የጾመ ሆድ ነው» አልን።

በሰኔ ሥጋና ቆሎ ቀረ። በነሐሴ እንጀራ ቀረ። አባቴ የአርሲ ሰው ነውና የገብስ ገንፎ፣ ቅቤው እየተንተከተከ፣ ከምንም በላይ ይወድ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ እሱም ቀረ። በጥቅምት አጥሚት ብቻ፣ እሱም በማንኪያ፣ እሱም ግማሹ እየተመለሰ። በመጨረሻ የገዛ ምራቁ እንኳ አልወርድ ብሎት አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ከአጠገቡ አይለየውም ነበር። ሰው ሲመጣ ጣሳውን በጋቢው ይሸፍናል። ኅዳር 1986 ዓ.ም. ላይ አረፈ። የታላቅ እህቴ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር፤ ድንኳኑ ሳይተከል ቀረና በዓመቱ ያለ ዘፈን ተዳረች።

እኔ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ በሰሜን ጀርመን በአንድ ሆስፒታል የኢንዶስኮፒ ነርስ ነኝ፤ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ መዋጥ ካቃታቸውና የምግብ ቧንቧቸው ከተበሳ ሰዎች ጋር ነው። ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩትም በአባቴ ምክንያት ነው። እሱ በጣሳው ላይ ባጎነበሰበት ሰዓት ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች ምን ይሠሩ እንደነበር ማወቅ ፈለግሁ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ «ዓ.ም.» ያልኩበት ብቻ የእኛው ነው።

በመጀመሪያ ቧንቧውን እንወቀው። ከጉሮሮ ተነሥቶ እስከ ጨጓራ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ፊቱ የአየር ቧንቧ፣ ጀርባው አከርካሪ፣ ጎኑ ትልቁ የደም ሥር ነው። አንጀትን ከውጭ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ለእሱ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ስፌት አይይዝለትም፣ በቀላሉ ያፈሳል። ስፋቱ ከ13 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ደረቅ ምግብ እየያዘ ያስቸግራል። ጠበበ ማለት ረሃብ ነው፤ ተበሳ ማለት ደግሞ ምራቅና ምግብ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ገብቶ መመረዝ ነው። የሕክምናው ታሪክ እነዚህን ሁለት መከራዎች ተከትሎ ሁለት መንገድ ሄዷል። እኔ በሙያዬ የደረስኩት ሁለቱ መንገዶች በተገናኙበት ዘመን ነው።

የመበሳቱ ታሪክ ቀድሞ ተጽፏል። በ1723 በሆላንድ ቫን ቫሰናር የሚባል አንድ የባሕር ኃይል አዛዥ ነበር። ሆዳም ነው፤ ግብዣ ሲበዛበት ማስመለሻ ጠጥቶ ማስታወክ ልማዱ ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዱ ሲያስመልስ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር የተቀደደ መሰለውና በሥቃይ ጮኸ። በዘመኑ የታወቀው የላይደኑ ሐኪም ኸርማን ቡርሃፈ ተጠርቶ መጣ፤ ሊረዳው ግን አልቻለም። አዛዡ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ሞተ። ቡርሃፈ አስከሬኑን ሲከፍት ደረቱ ውስጥ የበላው ዳክዬ ሽታ አወደው። የምግብ ቧንቧው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ዙሪያውን ተበጥሶ ነበር። ያየውን ሁሉ በ1724 አሳተመ፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኛ ክፍል ስልክ ተደውሎ «ቡርሃፈ» ከተባለ ሁሉም ሰው ቡናውን ትቶ ይነሣል። ለዚህ መቀደድ የመጀመሪያው የተሳካ ስፌት የተመዘገበው በ1947፣ በእንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም በኖርማን ባሬት እጅ ነው። በመካከሉ ከ220 ዓመት በላይ አልፏል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሕመሙ ስም ነበረው፤ መድኃኒት ግን አልነበረውም።

ቧንቧውን በሕይወት ባለ ሰው ውስጥ ለማየት ደግሞ 1868ን መጠበቅ ነበረበት። በጀርመን ፍራይቡርግ አዶልፍ ኩስማውል የተባለ ሐኪም ጎራዴ የሚውጥ የትርኢት ሰው አገኘ። ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚገባበት ጉሮሮ ቱቦም ያስገባል ብሎ አሰበ። 47 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ አሠርቶ፣ ሰውየው አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ዋጠለት። ብርሃኑ የአልኮልና የተርፔንታይን መብራት ስለነበረ እምብዛም አልታየም፤ የጨጓራውም ፈሳሽ አስቸገረ። ኩስማውል ውሎ አድሮ ነገሩን ተወው። ግን በር ተከፍቷል። ስለዚህ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የኩስማውል ስም ይጠራል፤ ቱቦውን የዋጠው ሰው ስም ግን በየመጽሐፉ «ጎራዴ ዋጩ» ነው። እኔ በየቀኑ የሰው ጉሮሮ ላይ ቱቦ የማሳልፍ ሰው ነኝና ለዚያ ሰው ልቤ ያደላል። ማደንዘዣ አልወሰደም፣ ማስታገሻ አልወሰደም፤ ራሱን ሰጠ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። ያው ኩስማውል በዚያው ሰሞን በጨጓራ ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ በቱቦ እየሳበ የሚያወጣ ፓምፕ ለሕመምተኞቹ ይጠቀም ነበር። ማየትና መሳብ በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ላይ ለአንድ ቀዳዳ እስኪውሉ ግን 140 ዓመት ገደማ ፈጀ።

በ1881 በቪየና ዮሃን ሚኩሊች ከመሣሪያ ሠሪው ከዮሴፍ ላይተር ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ የሚግል የፕላቲኒየም ሽቦ፣ በውሃ እየቀዘቀዘ ብርሃን የሚሰጥ ቱቦ ሠራ። አሁን ጥበቱ በዓይን ታየ። የታየውን ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ቀጠለ።

ከሁሉም የምወደው ምዕራፍ እዚህ ላይ ይጀምራል። በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ቻርተርስ ሲሞንድስ የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ በካንሰር ጉሮሮአቸው ለተዘጋ ሰዎች፣ አፉ ሰፋ ብሎ እየወረደ የሚጠብ አጭር ቱቦ በጥበቱ ውስጥ አሳልፎ እዚያው ይተውላቸው ጀመር። ቱቦው ወደ ጨጓራ እንዳይንሸራተት የሐር ክር አስሮበት ክሩን በአፍ በኩል አውጥቶ ከጆሮ ጋር ያስረዋል፤ ሪዝ ላለው ሰው ከሪዙ ጋር የታሰረበትም ጊዜ ነበር። ዛሬ የሚሰማው ሰው ሊስቅ ይችላል። እኔ ግን በዓይነ ሕሊናዬ የማየው አንድ ሽማግሌ፣ ጆሮው ላይ ቀጭን ክር ታስሮ፣ ሾርባውን ሲጠጣ ነው። ሲሞንድስ ካንሰሩን አላዳነም፤ አድናለሁም አላለም። የፈለገው ሰውየው በአፉ እንዲበላ፣ ምራቁን እንዲውጥ ብቻ ነው። ከሱ በፊት በ1845 ፈረንሳዊው ለሯ ዴትዮል ማዕድኑ ወጥቶለት በለሰለሰ የዝሆን ጥርስ ሞክሮ ነበር፤ አልቀናውም።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ቱቦ ስቴንት እንለዋለን። ስሙ ከጥርስ ሐኪም የመጣ ነው። ቻርልስ ስቴንት የለንደን ሰው ነበር፤ በ1856 የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበትን ሙጫ መሰል ነገር አሻሻለ። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ አፍ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዮሃነስ ኤሰር የወታደሮች ፊት ላይ የሚተከል ቆዳ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ደግፎ ለመያዝ ይህንኑ ነገር ተጠቀመበት። ከዚያ በኋላ ሕይወት ያለውን አካል ከፍቶ ወይም ደግፎ የሚይዝ ነገር ሁሉ በጥርስ ሐኪሙ ስም መጠራት ጀመረ። ስቴንት ራሱ ይህን ሳያይ በ1885 ሞቶ ነበር።

ከሲሞንድስ በኋላ ሄንሪ ሱታር መጣ፤ እሱም የለንደን ሰው ነው። በ1924 ቱቦውን ከሽቦ ጠመጠመው፤ እንደ እስክርቢቶ ሞላ አድርጎ። ሞላ ስለሆነ ይታጠፋል፣ ግን አይጨፈለቅም። ይህ ሰው በዓመቱ በአንዲት ወጣት ልብ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ የጠበበውን በር የከፈተ ነው። ስሙ የሚነሣው በልቡ ሥራ ነው። ለኔ ግን ሁለቱ ሥራዎች አንድ ናቸው፤ ሰውየው የጠበበ ነገር ሲያይ ዝም ማለት አይችልም ነበር።

ቆርጦ ማውጣትስ? እሱም ተሞክሯል። በ1913 በኒው ዮርክ ፍራንዝ ቶረክ አንዲት የ67 ዓመት ሴት ደረት ከፍቶ ካንሰሩ ያለበትን የምግብ ቧንቧ አወጣ። ጫፎቹን ደረት ውስጥ አላገናኘም፤ ከአንገቷ ቀዳዳ እስከ ሆዷ ቀዳዳ ድረስ የላስቲክ ቱቦ በውጭ ዘረጋላት። ስትበላ ቱቦውን ትሰካለች፣ ምግቡ ከልብሷ ሥር ይወርዳል። እንዲህ ሆና ከ12 ዓመት በላይ ኖረች። ከሷ በኋላ ቀዶ ሐኪሞች ጨጓራን ወደ ደረት እየሳቡ ከቀረው ቧንቧ ጋር መስፋትን ቀስ በቀስ ተማሩ። ስፌቱ ግን ያ ሽፋን በሌለው ቧንቧ ላይ ነውና ብዙ ጊዜ ያፈሳል። የኔ ስፖንጅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የላስቲኩን ዘመን ቶሎ ልለፈው። በ1956 የፈረንሳዮቹ የሙሶና የባርባን ቱቦ፣ በ1959 የሴለስታን ቱቦ መጡ፤ ሁለቱም ከታች እየተሳቡ የሚገቡ ስለነበሩ ጨጓራን መክፈት ይጠይቁ ነበር። ለሚሞት ሰው ይህ ከባድ ዋጋ ነው። ነገሩን ያቀለለው ሌላ ቦታ ላይ የተሠራ ነገር ነው። በ1957 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ባዚል ሂርሾቪትስ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮችን አንድ ላይ አስሮ ብርሃንና ምስል እየታጠፈ የሚሄድበት መሣሪያ፣ ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ፣ ሠራ። መጀመሪያ የዋጠው ራሱ ነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው ለሕመምተኛ ያስገባው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ማይክል አትኪንሰን በዚህ ተጣጣፊ መሣሪያ እየተመራ የሲሊኮን ቱቦ ከላይ ማስገባት ጀመረ። ሆድ መክፈት ቀረ። ቱቦው ግን ወፍራም ነውና ጥበቱን አስቀድሞ በኃይል ማስፋት ያስፈልግ ነበር፤ በማስፋት ላይ ቧንቧው የሚቀደድበት ጊዜ ብዙ ነው።

መፍትሔው ከሕክምና ቤት አልመጣም። በ1959 በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ፣ ዊልያም ቡለር የተባለ የብረት ባለሙያ ኒኬልና ቲታኒየምን እኩል ደባልቆ አዲስ ብረት ይመረምር ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ቁራጭ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ ፒፓ የሚያጨስ ተሰብሳቢ ላይተሩን አብርቶ ከሥሩ ያዘበት። ብረቱ ተዘርግቶ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመለሰ። ስሙን ከብረቶቹና ከቤተ ሙከራው ስም አውጥተው ኒቲኖል አሉት። ሲቀዘቅዝ ለስልሶ ይጨመቃል፤ የሰው አካል ሙቀት ሲያገኘው የተወለደበትን ቅርጽ ያስታውሳል። ቀጥኖ ገብቶ ውስጥ የሚሰፋ ቱቦ ሲታለም፣ ብረቱ ከ20 ዓመት በፊት ተሠርቶ በጦር መሣሪያ ቤት ይጠብቅ ነበር።

በ1983 ጀርመናዊው ኤካርት ፍሪምበርገር ለምግብ ቧንቧ የሚሰፋ የብረት ጥምጥም አሳየ። በ1991 የደቡብ ኮሪያው ሆ ያንግ ሶንግና ባልደረቦቹ ካንሰሩ በመረቡ ቀዳዳ ተመልሶ እንዳይገባ የብረቱን መረብ በሲሊኮን ሸፈኑት። ከዚያ 1993 መጣ።

ይህን ዓመት ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጥቼ ተራምጃለሁ። በጥቅምት 1993 ጀርመናዊው ክኒሪምና ባልደረቦቹ በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። ካንሰር ቧንቧቸውን የዘጋባቸው 42 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ የላስቲኩን ቱቦ፣ ግማሾቹ የሚሰፋውን ብረት አገኙ። መዋጡ በሁለቱም ተሻሻለ፤ በብረቱ ግን ጉዳቱ ያነሰ፣ ሆስፒታል የሚተኙበትም ጊዜ ያጠረ ሆነ። ከዚያ በኋላ ላስቲኩ ቀረ። ጥቅምት 1993 በኛ ጥቅምት 1986 ዓ.ም. ነው። ያ ወር አባቴ አጥሚት በማንኪያ የሚሞክርበት ወር ነው።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው በጀርመን፣ ሁለተኛውም መንገድ ተጀምሯል። የኡልሙ ቀዶ ሐኪም ቪም ፍላይሽማን አጥንታቸው ተሰብሮ ሥጋቸው የተከፈተ ሰዎችን ቁስል በስፖንጅ ሞልቶ፣ ከላይ በፕላስቲክ ሸፍኖ፣ በፓምፕ እየሳበ እንዳከመ አሳተመ። በ1997 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ሉዊስ አርጀንታና ማይክል ሞሪክዋስ ነገሩን በእንስሳትም በሰውም ፈትነው ልኩን አወጡለት፤ 125 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። እስከ ዛሬ በማሽናችን ላይ የምንሞላው ቁጥር እሱ ነው። መሳቡ መግሉን ያወጣል፣ እብጠቱን ይቀንሳል፣ ደም ወደ ቁስሉ ይጠራል፣ ግድግዳዎቹንም ወደ መሃል ያቀራርባል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሙኒክ ሮልፍ ቫይደንሃገን ስፖንጁን በኢንዶስኮፕ እየመራ ከፊንጢጣ በላይ ያፈሰሰ ስፌት ውስጥ አስገባው። ከታች ከሠራ ከላይስ? በሃምቡርግ ጉናር ሎስከ፣ በሃኖቨር ዮኸን ቬደማየር ስፖንጁን በአፍ አስገብተው ደረት ውስጥ አደረሱት። የሃኖቨሮቹ በ2008 የሁለት ሰዎችን ታሪክ አወጡ። በ2010 ስምንት ሰዎች ብለው፣ በሰባቱ ቀዳዳው እንደተዘጋ ጻፉ።

እስከዚያ ድረስ ለሚያፈስ ስፌት ስቴንት ነበር የሚገባው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቀዳዳውን ከውስጥ ሸፍነው፣ ምራቅ እንዳያልፍ፣ ሥጋው በጊዜው ይገጥማል። ለብዙ ሰው ሠርቷል፤ አሁንም ይሠራል። ግን ስቴንቱ የሚይዘው ጥበት ስለሌለ ይንሸራተታል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ መግሉን ከጀርባው ይዘጋበታል። በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመቶቼ በነበርኩበት አንድ ሆስፒታል ያየሁት አለ። ምስሉ ላይ ቀዳዳው ተሸፍኗል፣ ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ሕመምተኛዋ ግን በሦስተኛው ቀን ትንቀጠቀጣለች። ስቴንቱን ስናወጣ ከጀርባው የወጣውን ነገር ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አያቴ አሰላ አጠገብ እባጭ ሲወጣብን «አፉ ካልተከፈተ አይድንም» ትል ነበር። ያን ቀን የያዝኩትን እቃ አስቀምጬ አያቴን አሰብኩ።

ስፖንጁ ዋና ዘዴ ሲሆን ሥራው ወደ ነርሶች እጅ መጣ። ስፖንጁ ጥቁር ነው፤ ዓይኑ ጥሩ ሆኖ እንደወጣ እንጀራ ነው። ሐኪሙ በካሜራው የጉድጓዱን ስፋት ያይና «አራት በሁለት» ይለኛል፤ ከዚያ ትንሽ አሳንሼ በመቀስ እቆርጣለሁ። መሃሉን በስቼ በአፍንጫ የሚገባውን የጨጓራ ቱቦ ጫፍ እሰካበታለሁ፤ ላይና ታቹን በክር እሰፋለሁ። ከ2014 ወዲህ ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣ አለ። ጉድጓዱ ጠማማ ሲሆን ግን ዛሬም መቀስና ክር ነው። ስፖንጁ በአፍ ይገባል፣ ቱቦው በአፍንጫ ይወጣል፣ ከማሽኑ ጋር ይያያዛል። ሲከፈት ስፖንጁ ጭምድድ ይልና ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ሲላቀቅ ትንሽ ይደማል። ከሥሩ ቀይ፣ ጥራጥሬ የመሰለ አዲስ ሥጋ ካየን ሐኪሙ ዝም ብሎ አውራ ጣቱን ያሳየኛል። ከዚያ ትንሽ ያነሰ ስፖንጅ እቆርጣለሁ። ትልቁ የደም ሥር ቅርብ ከሆነ ግን ማናችንም አናወራም፤ እሱ ከተነካ የሚፈሰውን የሚያቆም እጅ የለም።

አንድ ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር ነበር። የካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስፌቱ በስምንተኛው ቀን አፈሰሰ። ዘጠኝ ስፖንጅ ቀየርንለት። እያንዳንዱን በጣቢያ ስም ይጠራው ነበር፤ የትራም መስመሩ ጣቢያዎች በቃሉ ናቸው። ስድስተኛው ላይ «ገና ባቡር ጣቢያ ነን» አለኝ። በዘጠነኛው ቀዳዳው ከአንድ ጥፍር አይበልጥም ነበር፤ ስፖንጅ አልጨመርንም። ከጥቂት ቀን በኋላ እርጎ በማንኪያ ሰጠሁት። ዋጠ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲወርድ ተከታተለው፤ ጨጓራው ጋ ሲደርስ በጀርመንኛ «የመጨረሻው ፌርማታ» አለ። ወደ እቃ ማጠቢያው ክፍል ሄጄ አለቀስኩ። ባልደረቦቼ ስለሱ መሰላቸው።

አሁን ሁለቱ መንገዶች በአንድ እቃ ላይ ተገናኝተዋል። በኮሎኝ ሐኪሞች የተጀመረ፣ ውጭው ስፖንጅ ውስጡ የኒቲኖል ስቴንት የሆነ እቃ አለ። ስፖንጁ ሲስብ ስቴንቱ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ሰውየውም በመሃሉ መመገብ ይችላል። የገፋውና የሳበው በአንድ ቱቦ። በብራዚል ደግሞ የሳኦ ፓውሎዎቹ ዲዮጎ ደ ሞራና ባልደረቦቹ የፋብሪካው እቃ ውድ ስለሆነ በጨጓራ ቱቦ ላይ የቁስል ፋሻ ጠምጥመው፣ በተበሳሳ ፕላስቲክ ሸፍነው፣ ከሆስፒታሉ ግድግዳ መሳቢያ ጋር አያይዘው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ከጀርመኑ ይልቅ የብራዚሉን ንድፍ በማስታወሻዬ ላይ ሣልኩት። ለአገሬ የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ።

አገሬ የምለው በከንቱ አይደለም። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚወርድ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የበዛበት የምሥራቅ አፍሪካ መስመር አለ። በእኛ በኩል ሐኪሞች በዚህ ሕመም የሚመጡ ብዙ ሰዎች የአርሲና የባሌ ሰዎች እንደሆኑ ሲናገሩ ኖረዋል። ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ሙቀት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ክፍል በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሎ መድቦታል። የአባቴ ገንፎ ስንት ዲግሪ እንደነበረ ማንም አልለካም። በኬንያ ደጋ፣ በቦሜት፣ ቴንዌክ ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች ስቴንት የሚያስገቡት ያለ ራጅ፣ በኢንዶስኮፕ ብቻ ነው፤ ልምዳቸውንም በ2009 ለዓለም አሳትመዋል። ከእርሻ የመጣ ሰው ስቴንቱ ገብቶለት ሻዩን ይጠጣል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካንሰሩ ይገድለዋል፤ ረሃብ ግን አይገድለውም። ሲሞንድስ በሐር ክር የፈለገው ይኸንኑ ነበር።

ያለፈው ዓመት ለእረፍት አሰላ ስሄድ ጊዜው ያለፈበት፣ ለማስተማሪያ የምንጠቀምበትን አንድ ስቴንት በቦርሳዬ ይዤ ነበር። እናቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ 17 ዓመት ሙሉ «ሆስፒታል ነው» እያልኩ አሳልፌያለሁ። ያን ቀን ከጎረቤት በረዶ አስመጣሁ፤ ብርጭቆ ውስጥ ውሃና በረዶ አደረግሁ፤ ስቴንቱን ነክሬ በጣቶቼ ጨመቅሁት። እንደ ረጠበ ክር ለሰለሰ። ከዚያ ሞቅ ያለ ውሃ በሌላ ብርጭቆ አድርጌ «እማዬ፣ ጨምሪው» አልኳት። ጨመረችው። ፍንድቅ ብሎ ተከፈተ። እናቴ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች፤ ከዚያ አውጥታ በመዳፏ ላይ አድርጋ በቀዳዳው ወደ በሩ ተመለከተች።

«ይሄ ነው እጉሮሮ የሚገባው?»

«አዎ፣ እማዬ። ደረት ድረስ።»

«አጥሚት ያወርዳል?»

«አጥሚትም፣ ሾርባም። በደንብ የደቀቀ ፍትፍትም ያወርዳል።»

«ያድናል?»

«አያድንም። ጥቂት ወር እየበላ፣ እየጠጣ ይቆያል።»

ጣሳው አሁንም በደጁ አለ፤ በሶብላ ተክላበታለች። ወደዚያ አየች። ስቴንቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ መቁጠር ጀመረች። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር።

«ለሠርጉ ይደርስ ነበር» አለች።